ባክስትና የባሌ መድረክ

በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሩሲያ ቤተ መንግሥት ቴአትር ቤቶች የባሌ ዳንስ መድረክ የሚሰናዳው በባለሙያ ጌጥ ሠሪዎች ነበር። አንዱ ደን ይሥላል፣ ሌላው አዳራሽ፤ ልብሱ ከሌላ ክፍል ይመጣል። ዋናዋ ዳንሰኛ የፈርዖን ልጅም ሆነች የህንድ ቤተ መቅደስ አገልጋይ፣ ያው አጭር የባሌ ቀሚስ አይቀርላትም።

ልማዱን ቀድሞ የነቀነቀው የሞስኮው ባለሀብት ሳቫ ማሞንቶቭ ነው። በ1885 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ባቋቋመው የግል ኦፔራ እንደ ቪክቶር ቫስኔትሶቭ ያሉ ሠዓሊዎችን ለመድረክ ሥራ ጠራ። በ1898 ሴንት ፒተርስበርግ ላይ «የኪነ ጥበብ ዓለም» መጽሔት ሲጀመር፣ ከሰርጌይ ዲያጊሌቭና ከአሌክሳንደር ቤኑዋ ጋር ሊዮን ባክስት ነበር። ባክስት በ1866 ግሮድኖ ውስጥ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ፤ የልደት ስሙ ሌቭ ሮዘንበርግ ነው።

ዲያጊሌቭ በ1909 የሩሲያ ባሌ ዳንሰኞችን ይዞ ፓሪስ ገባ፤ በዓመቱ «ሼሄራዛድ» የተባለው ባሌ ታየ። ባክስት ከላይ የሚወርድ ግዙፍ አረንጓዴ መጋረጃ ሰቀለ፤ ከሥሩ ቀይ ምንጣፍ አነጠፈ፤ ትራስ ከመረ። ሁለቱ ቀለሞች ጎን ለጎን ሲፋጩ ተመልካቹ ገና ዳንሱ ሳይጀመር ይሞቀዋል። የልብስ ንድፎቹም ቀጥ ብሎ የቆመ ሰው አያሳዩም፤ አካሉ ይጣመማል፣ ጨርቁ ይበራል። ባክስት የሚነድፈው ልብሱን ከነእንቅስቃሴው ነበር። ጥምጣሙና ሰፊው ሱሪ ብዙም ሳይቆይ የፓሪስ ፋሽን ሆነ።

ከዚያ በኋላ በሩ ተከፈተ። በ1911 ቤኑዋ «ፔትሩሽካ»ን፣ በ1913 ኒኮላይ ሮሪክ የስትራቪንስኪን «የጸደይ ሥርዓት»፣ በ1914 ናታሊያ ጎንቻሮቫ «ወርቃማው አውራ ዶሮ»ን ነደፉ። በ1917 ተራው ለፒካሶ ደረሰ።

ይህ ሁሉ ውበት ግን ገንዘብ ይበላል። በ1921 ለንደን ላይ ባክስት የነደፈው «የተኛችው ልዕልት» እጅግ ያማረ ቢሆንም ገቢው ወጪውን አልሸፈነም፤ መድረኩና ልብሱ በዕዳ ተያዘ። ባክስትም በ1924 ፓሪስ አጠገብ ሞተ።

ሠዓሊው ማርክ ሻጋል በወጣትነቱ ሴንት ፒተርስበርግ ላይ የባክስት ተማሪ ነበር። በ1942 ሜክሲኮ ሲቲ ላይ ለታየው «አሌኮ» ባሌ መድረኩንም ልብሱንም የሠራው እሱ ነው። ያኔ ሠዓሊ ለባሌ መጠራቱ እንደ ድፍረት መቆጠሩ ቀርቶ ነበር።