አትሌቲክስ፦ የስፖርቱ ምንነትና የውድድር ዓይነቶቹ

አትሌቲክስ የሰው ልጅ በተፈጥሮ የታደላቸውን መሮጥን፣ መዝለልንና መወርወርን በሕግና በልኬት ሥርዓት አስይዞ ለውድድር ያቀረበ የስፖርት ዘርፍ ነው። የእርምጃ ውድድርም በዚሁ ሥር ይጠቃለላል። ቃሉ የመጣው ከጥንታዊ ግሪክኛ ሲሆን ሥረ መሠረቱ ፉክክርንና ለአሸናፊ የሚሰጥን ሽልማት ያመለክታል።

በሀገራችን «አትሌት» ሲባል በብዙዎች አእምሮ ቀድሞ የሚመጣው የረጅም ርቀት ሯጭ ነው። ይህ ያለ ምክንያት አልሆነም። ኢትዮጵያ እስከ ፓሪስ 2024 ድረስ ያገኘቻቸው የኦሎምፒክ ሜዳልያዎች በሙሉ የተገኙት ከ800 ሜትር አንሥቶ እስከ ማራቶን ባሉት ሩጫዎች ነው። ስፖርቱ ግን ከዚህ እጅግ ይሰፋል። ክንደ ብርቱ የሆነች ተማሪ አሎሎን የሚያውቅ መምህር ካላገኘች፣ ያላት ችሎታ በሩጫ ሰዓት ብቻ ተመዝኖ «አትሌት አትሆንም» ተብላ ትቀራለች። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ የስፖርት መምህራን፣ ወላጆችና ወጣቶች የውድድር ዓይነቶቹን በሙሉ እንዲያውቁ ታስቦ ተዘጋጅቷል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አጀማመሩ

በታሪክ የተመዘገበው የመጀመሪያው የጥንታዊ ኦሎምፒክ ውድድር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ776 ዓመት በግሪክ ኦሊምፒያ የተካሄደ ሲሆን፣ ርቀቱ 192 ሜትር ያህል የሆነ አንድ ሩጫ ነበር። አሸናፊውም ኮሮይቦስ የተባለ የኤሊስ ሰው ነው። ዘመናዊው ኦሎምፒክ በ1896 በአቴንስ ሲጀመር አትሌቲክስ ዋነኛ ቦታውን ያዘ። ዓለም አቀፉ የአትሌቲክስ ፌዴሬሽን በ1912 በስቶክሆልም ተመሠረተ፤ ዛሬ የዓለም አትሌቲክስ በሚል ስያሜ ይታወቃል፣ መቀመጫውም ሞናኮ ነው። የዓለም ሻምፒዮና ውድድር በ1983 በሄልሲንኪ ተጀምሯል።

ኢትዮጵያ በኦሎምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ የተካፈለችው በ1956 በሜልበርን ነው። በዚያ ቡድን ውስጥ የነበረው ወጣቱ ማሞ ወልዴ የሮጠው 800 ሜትር፣ 1,500 ሜትርና የ4 በ400 ሜትር ዱላ ቅብብል ነበር። ይኸው ሰው ከ12 ዓመት በኋላ በሜክሲኮ ከተማ የማራቶን ባለድል ሆኗል። የኢትዮጵያ የኦሎምፒክ ታሪክ በረጅም ርቀት ብቻ እንዳልተጀመረ ይህ በቂ ማስረጃ ነው።

መሙና አለካኩ

የሩጫ ውድድሮች የሚካሄዱበት መም በውስጠኛው መስመር አንድ ዙር 400 ሜትር ነው። እያንዳንዱ መስመር 1.22 ሜትር ስፋት አለው። የመጀመሪያው መስመር የሚለካው ከውስጠኛው ጠርዝ 30 ሳንቲ ሜትር ርቆ ሲሆን፣ ሌሎቹ ከመስመራቸው 20 ሳንቲ ሜትር ርቀው ይለካሉ። በዚህም ምክንያት 400 ሜትር ሲሮጥ በሁለተኛው መስመር ያለው ተወዳዳሪ ከመጀመሪያው 7.04 ሜትር ቀድሞ ይቆማል። ተመልካች ብዙውን ጊዜ እንደ አድልዎ የሚያየው ይህ አቋቋም የሁሉንም ርቀት እኩል የሚያደርግ ስሌት ነው። በትምህርት ቤት ሜዳ ላይ በኖራ መስመር የሚያሰምር መምህር ይህችን ቁጥር ቢይዝ ከብዙ ክርክር ይድናል።

የሩጫ ውድድሮች

አጭር ርቀት የሚባሉት 100፣ 200 እና 400 ሜትር ናቸው። ሯጩ ከመነሻ መደገፊያ ይነሣል፣ ከተመደበለት መስመርም አይወጣም። የመነሻው ተኩስ ከተሰማ በኋላ ከ0.1 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ የተንቀሳቀሰ ሯጭ ድምፁን ሰምቶ ሳይሆን ገምቶ እንደተነሣ ይቆጠራል፤ ከ2010 ወዲህም በአንድ ጥፋት ከውድድር ይሰናበታል። በ100 እና በ200 ሜትር ከኋላ የሚነፍሰው ነፋስ በሰከንድ ከ2 ሜትር ከበለጠ ሰዓቱ በክብረ ወሰንነት አይመዘገብም። የጃማይካው ዩሴን ቦልት በ2009 በበርሊን ያስመዘገበው 9.58 ሰከንድ የወንዶች 100 ሜትር ክብረ ወሰን ነው።

ብዙ ጊዜ «የእኛ ከፍታ ለአጭር ርቀት አይሆንም» ሲባል ይሰማል። ነገሩ ግን ተቃራኒ ነው። ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ስስ በመሆኑ ሯጩን የሚገታው ግፊት ይቀንሳል። በ1968 በሜክሲኮ ከተማ፣ 2,240 ሜትር ከፍታ ላይ፣ የአጭር ርቀትና የዝላይ ክብረ ወሰኖች በተከታታይ ሲሰበሩ ከቆላ የመጡ የረጅም ርቀት ሯጮች ደግሞ ተቸግረዋል። አዲስ አበባ ከሜክሲኮ ከተማም ትበልጣለች። በአጭር ርቀት ወደኋላ ለመቅረታችን ምክንያቱ ከከፍታው ይልቅ ከሥልጠና፣ ከመምና ከመሣሪያ አቅርቦት ቢፈለግ ይሻላል።

መካከለኛ ርቀት 800 እና 1,500 ሜትርን ይይዛል። ፍጥነትና ጽናት እኩል የሚፈተኑበት በመሆኑ ለአሰልጣኝ እጅግ አስቸጋሪው ዘርፍ ነው ማለት ይቻላል። መሐመድ አማን በ2013 በሞስኮ የ800 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሲሆን፣ ጽጌ ዱጉማ ደግሞ በፓሪስ 2024 በዚሁ ርቀት የብር ሜዳልያ አግኝታለች።

በመም ላይ ረጅም ርቀት የሚባሉት 5,000 ሜትር፣ ማለትም 12 ዙር ተኩል፣ እና 10,000 ሜትር፣ ማለትም 25 ዙር ናቸው። የመጨረሻው ዙር ሲጀመር ደወል ይደወላል። ምሩጽ ይፍጠር በ1980 በሞስኮ ሁለቱንም ርቀቶች ያሸነፈው ከደወሉ በኋላ በሚያወጣው ድንገተኛ ፍጥነት ነበር። ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባም በ2008 በቤጂንግ ይህንኑ ጥንድ ድል ደግመውታል። ረጅም ርቀት የትዕግሥት ብቻ ውድድር አለመሆኑን ከሁሉ ይልቅ የሚያስረዳው የ2000 የሲድኒ 10,000 ሜትር ፍጻሜ ነው። ኃይሌ ገብረሥላሴ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን የቀደመው በ0.09 ሰከንድ ሲሆን፣ በዚያው ኦሎምፒክ በወንዶች 100 ሜትር በአንደኛውና በሁለተኛው መካከል የነበረው ልዩነት ከዚህ ይሰፋ ነበር።

የሴቶች ውድድር ወደ መሙ የገባው በብዙ መዘግየት ነው። በ1928 በአምስተርዳም ሴቶች 800 ሜትር ከሮጡ በኋላ ርቀቱ «ከአቅማቸው በላይ ነው» ተብሎ እስከ 1960 ድረስ ከኦሎምፒክ ወጣ። የሴቶች ማራቶን በ1984፣ 10,000 ሜትር በ1988፣ 5,000 ሜትር በ1996፣ 3,000 ሜትር መሰናክል በ2008 ተጨመሩ። ደራርቱ ቱሉ በ1992 በባርሴሎና በ10,000 ሜትር ያሸነፈችው ርቀቱ በሴቶች ኦሎምፒክ ለሁለተኛ ጊዜ ሲካሄድ ነው። በዚያ ድል የኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆናለች።

መሰናክልና ዱላ ቅብብል

በመሰናክል ሩጫ ወንዶች 110 ሜትር፣ ሴቶች 100 ሜትር፣ ሁለቱም ደግሞ 400 ሜትር ይወዳደራሉ። በሁሉም ውድድሮች አሥር አሥር መሰናክሎች አሉ። ከፍታቸው በወንዶች 110 ሜትር 1.067 ሜትር፣ በሴቶች 100 ሜትር 0.838 ሜትር ነው። ሯጭ መሰናክሉን ሳያስበው መትቶ ቢጥል አይቀጣም።

የ3,000 ሜትር መሰናክል ከእነዚህ ፈጽሞ ይለያል። መሰናክሎቹ ሲመቱ የማይወድቁ ከባድ አግዳሚዎች ናቸው። ሯጩ 28 ጊዜ ደረቁን መሰናክል፣ 7 ጊዜ ደግሞ ውኃ ያለበትን ጉድጓድ ይሻገራል፤ ከፈለገም አግዳሚውን ረግጦ ማለፍ ይችላል። እሸቱ ቱራ በ1980 በሞስኮ ለኢትዮጵያ በዚህ ውድድር ነሐስ አስገኝቷል። ለሜቻ ግርማ በ2023 በፓሪስ 7 ደቂቃ ከ52.11 ሰከንድ በመግባት የዓለም ክብረ ወሰን አሻሽሏል። በቀጣዩ ዓመት በዚያው ከተማ በተካሄደው የኦሎምፒክ ፍጻሜ ግን በመጨረሻው ዙር ከመሰናክል ጋር ተጋጭቶ ወድቆ በቃሬዛ ወጥቷል። ድካም ሲበዛ የእግር አነሣስ ዝቅ ማለቱ አይቀርምና፣ የመሰናክል ቴክኒክ በዕረፍት ሰዓት ብቻ ሳይሆን በድካምም ላይ መለማመድ አለበት።

ዱላ ቅብብል አራት ሯጮች አንድ ዱላ እየተቀባበሉ የሚሮጡት የ4 በ100 እና የ4 በ400 ሜትር ውድድር ነው። ዳኛው የሚመለከተው የሯጮቹን እግር ሳይሆን ዱላው በመቀባበያው ክልል ውስጥ እጅ መለወጡን ነው። ዱላ ቢወድቅ ማንሣት ያለበት የጣለው ሯጭ ነው።

ጎዳና፣ ሀገር አቋራጭና እርምጃ

ማራቶን 42.195 ኪሎ ሜትር ነው። ይህ ርቀት በ1908 የለንደን ኦሎምፒክ የተሮጠ ሲሆን በ1921 ቋሚ ልኬት ሆኖ ጸደቀ። አበበ ቢቂላ በሮም በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ያሸነፈው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነው። በ1964 በቶኪዮ ድሉን ሲደግም የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ጥቂት ሳምንታት ብቻ አልፈው ነበር። በፓሪስ 2024 ደግሞ በተጠባባቂነት ተይዞ የነበረው ታምራት ቶላ ተተክቶ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ የኦሎምፒክ ክብረ ወሰን አስመዝግቧል።

ሀገር አቋራጭ በሣር፣ በጭቃና በዳገት ላይ የሚካሄድ ሲሆን ከ1924 ወዲህ በኦሎምፒክ የለም። መም ለሌለው ወረዳ ግን ከሁሉ የቀረበ ውድድር ነው። በእርምጃ ውድድር ተወዳዳሪው ለዓይን በሚታይ ሁኔታ ሁለቱን እግሮች ባንድ ጊዜ ከመሬት ማንሣት የለበትም፤ ፊት የሚቀድመው እግርም መሬት ከነካበት ጊዜ ጀምሮ ቀጥ ሊል ይገባል።

የሜዳ ተግባራት

ዝላይ አራት ዓይነት ነው። በርዝመት ዝላይ ተወዳዳሪው ከመነሻ ጣውላው ይነሣል፤ የሚለካውም በአሸዋው ላይ ወደ መነሻው እጅግ ከቀረበው አሻራ ነው። እጁ ወደኋላ አሸዋውን ከነካ ርቀቱ ከዚያ ይቆጠራል። በስሉስ ዝላይ መጀመሪያ በተነሡበት እግር ያርፋሉ፣ ቀጥሎ በሌላው፣ ከዚያ ወደ አሸዋው ይዘላሉ። በከፍታ ዝላይ መነሣት የሚፈቀደው በአንድ እግር ብቻ ነው። በጀርባ የመዝለሉን ስልት ለዓለም ያሳየው አሜሪካዊው ዲክ ፎስበሪ በ1968 ነው፤ ይህ ስልት ወፍራም ፍራሽ በሌለበት ሜዳ ከቶ መሞከር የለበትም። አራተኛው የምርኩዝ ዝላይ ነው። በሁለቱ የከፍታ ውድድሮች ሦስት ጊዜ በተከታታይ የሳተ ይሰናበታል።

ውርወራም እንዲሁ አራት ነው። አሎሎ ለወንዶች 7.26 ኪሎ ግራም፣ ለሴቶች 4 ኪሎ ግራም ሲመዝን፣ የመዶሻም ክብደት ተመሳሳይ ነው። ዲስከስ ለወንዶች 2 ኪሎ፣ ለሴቶች 1 ኪሎ፣ ጦር ደግሞ 800 እና 600 ግራም ነው። አሎሎ «ውርወራ» ቢባልም በሕጉ ከአንገት ሥር ተነሥቶ በአንድ እጅ የሚገፋ ነው። ጦርን በተመለከተ ምሥራቅ ጀርመናዊው ኡቬ ሆን በ1984 104.80 ሜትር በመወርወሩ፣ ሜዳው እንዳይጠብብ የክብደት ማዕከሉ ወደፊት ተገፍቶ አዲስ የወንዶች ጦር በ1986 ሥራ ላይ ውሏል።

ለታዳጊዎች የአዋቂ መሣሪያ መስጠት ትከሻንና ወገብን ይጎዳል። ከ18 ዓመት በታች ወንዶች 5 ኪሎ፣ ሴቶች 3 ኪሎ አሎሎ ይጠቀማሉ። በትምህርት ቤት ልምምድ ጊዜ ሁሉም ተማሪ ከወርዋሪው ኋላ ይቁም፤ የተወረወረው መሣሪያ የሚሰበሰበው ሁሉም ወርውሮ ካበቃ በኋላ በመምህሩ ትእዛዝ፣ በእርምጃ እንጂ በሩጫ አይሁን፤ ጦር ሲያዝ ጫፉ ወደ መሬት ይሁን። መከላከያ መረብ በሌለበት ሜዳ ዲስከስና መዶሻ አይወረወሩም።

ወንዶች በሁለት ቀን አሥር፣ ሴቶች ሰባት ውድድሮችን አድርገው በነጥብ የሚበላለጡበት ጣምራ ውድድርም አለ።

ዕድሜና መድኃኒት

ከ20 ዓመት በታች የሆነ አትሌት በዓለም ሻምፒዮና ማራቶን እንዲሮጥ አይፈቀድለትም። ያላደገ አጥንትና ጅማት ያን ያህል ጫና ስለማይችል የተደነገገ ነው። ዕድሜን አሳንሶ ማስመዝገብ የእኩዮችን ዕድል ይነጥቃል፤ ልጅን ለገንዘብ ሲባል በለጋ ዕድሜው ወደ ጎዳና ውድድር መላክም ከዚህ ያነሰ ጉዳት የለውም።

በሰውነቱ ውስጥ ለሚገኝ የተከለከለ ንጥረ ነገር ተጠያቂው አትሌቱ ራሱ ነው። ሐኪም አዘዘልኝ፣ አሰልጣኝ ሰጠኝ፣ የባህል መድኃኒት ነው ማለት ከተጠያቂነት አያድንም። ለተራ ሕመም ከመድኃኒት ቤት የሚገዙ አንዳንድ መድኃኒቶችም የተከለከለ ንጥረ ነገር ሊይዙ ይችላሉ። ስለዚህ አትሌት መድኃኒት ሲታዘዝለት ተወዳዳሪ መሆኑን ለሐኪሙና ለፋርማሲ ባለሙያው አስቀድሞ ይናገር፤ ከመውሰዱ በፊትም ከኢትዮጵያ ፀረ-አበረታች ቅመሞች ባለሥልጣን ያጣራ። ለሕክምና ግድ ሆኖ የተከለከለ መድኃኒት መውሰድ ያለበት አትሌት ልዩ ፈቃድ መጠየቅ ይችላል፤ ድንገተኛ ሁኔታ ካልገጠመ በቀር ፈቃዱ የሚጠየቀው መድኃኒቱ ከመወሰዱ በፊት ነው።