የፈር ዝንፈት

በእንግሊዝኛ «ትራኪንግ ኤረር» የሚባለውና እዚህ «የፈር ዝንፈት» የተሰኘው ነገር፣ የሸክላ ማጫወቻ መርፌ ሸክላው ከተቀረጸበት አቅጣጫ በጥቂቱ ዘወር ብሎ ሲቆም የሚፈጠረው የማዕዘን ልዩነት ነው። ፈር በማረሻ የሚወጣ ትልም በመሆኑ በሸክላ ላይ ለተቀረጸው ጠመዝማዛ መስመር ይስማማል፤ ዝንፈትም መጠነኛ ማዘንበልን እንጂ ጨርሶ መውጣትን ስለማያመለክት፣ ነገሩ መርፌው ከፈሩ ዘሎ ከሚወጣበት ሌላ ችግር ጋር አይምታታም።

ምንጩ ሸክላ የሚቀረጽበትና የሚጫወትበት መንገድ አለመመሳሰሉ ነው። የመቅረጫው ስለት ከጠርዝ ወደ መሐል በቀጥታ መስመር ሲጓዝ፣ የማጫወቻው ክንድ ግን አንድ ጫፉ በምሶሶ ላይ ስለተተከለ መርፌውን የሚወስደው በቅስት ነው። ስለዚህ መርፌው ከፈሩ አቅጣጫ ጋር በትክክል የሚስማማው ቢበዛ በሁለት ቦታ ሲሆን፣ እነዚህን «የመግጠሚያ ነጥቦች» ማለት ይቻላል። ይህም የሚገኘው መርፌው የሰሃኑን መሐል ዘንግ በጥቂት ሚሊ ሜትር እንዲያልፍ በማድረግ፣ ማለትም «ማለፊያ» በመስጠት፣ እንዲሁም የክንዱን ራስ ወደ ውስጥ በማጠፍ ነው። እንደ ባንግ ኤንድ ኦሉፍሰን ቤኦግራም 4000 ያሉ በቀጥታ መስመር የሚጓዝ ክንድ ያላቸው ማጫወቻዎች ከዚህ ጣጣ ነፃ ናቸው፤ ያተረፉት ግን የተወሳሰበ የክንድ መንጃ ነው።

ብሪታንያዊው ፐርሲ ዊልሰን ጉዳዩን እ.ኤ.አ. በ1924 በጂኦሜትሪ መርምሮት ነበር፤ ወሳኙን እርምጃ የወሰደው ግን ስዊድናዊው ኤሪክ ሎፍግሬን ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1938 የድምፅ መዛባት የሚወሰነው በማዕዘኑ ብቻ ሳይሆን ማዕዘኑ ከመሐል ላለው ርቀት ሲካፈል በሚገኘው ውጤት መሆኑን አሳየ። በደቂቃ 33⅓ ዙር በሚሽከረከር ትልቅ ሸክላ ጠርዝ ላይ ፈሩ ከመርፌው ሥር በሴኮንድ 51 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲያልፍ፣ ወደ መሐል ሲቃረብ ፍጥነቱ ወደ 21 ስለሚወርድ፣ ያው ድምፅ በአጭር ርዝመት ታጭቆ ይገኛል፤ በመጨረሻ ዘፈኖች ላይ የ«ስ» እና የ«ሽ» ድምፆች የሚሻክሩትም በአብዛኛው በዚህ ነው። በሎፍግሬን ስሌት የተለመዱት የመግጠሚያ ነጥቦች ከመሐል 66 እና 120.9 ሚሊ ሜትር ላይ ይውላሉ።

ማጫወቻውን ለማሻሻል የሚያስብ ሰው ብዙውን ጊዜ ውድ ካርትሪጅ፣ ማለትም መርፌውን የያዘውን ክፍል፣ ከመግዛት ይጀምራል፤ ይህ ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ነው። ክብ ጫፍ ያለው ርካሽ መርፌ ዝንፈትን በመጠኑ ሲታገሥ፣ የውድ ካርትሪጆች ቀጭንና ሹል ጫፍ ግን ያጋልጠዋል። ማስተካከያውን ለመሥራት የካርትሪጁ ሁለት ብሎኖች ላላ ይደረጉና የመርፌው ጫፍ የመግጠሚያ ነጥቦቹ በተመለከቱበት የመለኪያ ወረቀት ነጥብ ላይ ይቀመጣል፤ ከወረቀቱ መስመሮች ጋር ትይዩ መሆን ያለበት የካርትሪጁ አካል ሳይሆን መርፌውን የተሸከመው ፀጉር የመሰለ ዘንግ ነው፤ ሁለቱ ሁልጊዜ አይገጥሙምና። ካርትሪጁ ወደ ፊት በተገፋ ቁጥር የመርፌው ጫና ስለሚጨምር፣ ብሎኖቹ ከጠበቁ በኋላ ሚዛኑ እንደገና መለካት አለበት።

የፋብሪካውን ልክ ማፍረስ ግን ሁልጊዜ አያተርፍም። በቴክኒክስ ኤስ ኤል-1200 ማጫወቻ ከምሶሶው እስከ መሐሉ ዘንግ 215 ሚሊ ሜትር፣ ማለፊያው 15 ሚሊ ሜትር፣ መታጠፊያው 22 ዲግሪ ሲሆን፣ ከዚህ ተሰልቶ ውስጠኛው የመግጠሚያ ነጥብ 59 ሚሊ ሜትር ግድም ላይ ይወድቃል። የሎፍግሬንን ልክ የሚመርጥ ሰው ካርትሪጁን 3 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ፊት ገፍቶ ጥቂት ማዞር አለበት፤ ለትልልቅ ሸክላዎች ይህ ድካም ይክሳል። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 የመሠረተው አምሃ ሪከርድስ በብዛት ያሳተማቸውን ዓይነት ባለ 45 ዙር ትንንሽ ሸክላዎች ለሚሰበስብ ግን ነገሩ ይገለበጣል። የእነዚህ ፈር ከ84 እስከ 54 ሚሊ ሜትር ግድም ባለው ጠባብ ቀለበት ውስጥ ስለሚያልቅ፣ በሎፍግሬን ልክ ሁለተኛው የመግጠሚያ ነጥብ ከሸክላው ውጭ ይቀራል፤ በመጨረሻዎቹ ዙሮችም ዝንፈቱ ወደ 2 ዲግሪ ይደርሳል፣ በፋብሪካው ልክ ግን ከ1 ዲግሪ በታች ይሆናል።