«ሳውንድ» ስለ ተባለው የእንግሊዝኛ ቃል

አምና በክፍላችን አንድ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ወደ አማርኛ እንድመልስ ታዘዝሁ። አንድ መርከበኛ «ሴፍ ኤንድ ሳውንድ» ሆኖ አገሩ እንደ ገባ የሚናገር ነበር። እኔም «ሳውንድ» ድምፅ መሆኑን ብቻ አውቅ ስለ ነበር «በደኅናና በድምፅ ገባ» ብዬ ጻፍሁ። ጓደኞቼ እስኪበቃቸው ሣቁብኝ። መምህራችን ግን ሳይሥቁ «ሂድና መዝገበ ቃላቱን ተመልከት» አሉኝ። ሄጄ ባይ በአንድ ቃል ፈንታ አራት ቃላት አገኘሁ።

ድምፅ ማለት የሆነው «ሶኑስ» ከሚለው የላቲን ቃል ወጥቶ በፈረንሳይኛ በኩል የመጣ ነው። ኖርማኖች በ1066 (ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ነው) እንግሊዝን ድል ካደረጉ በኋላ ቋንቋቸው በቤተ መንግሥትና በፍርድ ቤት ነግሦ ነበርና። በመጀመሪያ የሚባለው «ሱን» ነበር፤ በመጨረሻው ያለችው «ድ» ያለ ሥራዋ የተጨመረችው ቈይቶ ነው። እንግዲህ እኔን ያሳሳተችኝ ይህች ትርፍ ፊደል ናት።

ጤነኛ ማለት የሆነው ግን አንግሎችና ሳክሶኖች በ5ኛው መቶ ዓመት ከሰሜን ጀርመን ወገን ባሕር ተሻግረው ሲመጡ ይዘውት የገቡ ነው። ጀርመኖች ዛሬም ጤነኛውን ሰው «ገዙንት» ይሉታል።

ሦስተኛው ጠባብ የባሕር መተላለፊያ ማለት ሲሆን ከስካንዲናቪያ ሰዎች የመጣ ነው። ስመ ጥሩው በዴንማርክና በስዊድን መካከል ያለው ነው። የዴንማርክ ነገሥታት በክሮንቦርግ ግንብ መድፍ ጠምደው ከሚያልፉት የውጭ አገር መርከቦች ከ1429 እስከ 1857 ቀረጥ ይቀበሉ ነበር። ከአራት መቶ ዓመት በላይ መሆኑ ነው!

አራተኛው የባሕር ጥልቀት መለካት ሲሆን እርሱም የፈረንሳይኛ ነው። መርከበኛው በገመድ ጫፍ እርሳስ አሥሮ ይጥላል (ማዕድኑን ማለቴ ነው እንጂ የምንጽፍበትን አይደለም፤ የእኛም ቋንቋ ከዚህ ነገር ነጻ አይደለም)። በእርሳሱ ግርጌ ባለው ጎድጓዳ ሞራ ይመርግበታል፤ በሞራው ተጣብቆ የወጣውን አሸዋ ወይም ጭቃ አይቶ፥ በጨለማም ቢሆን፥ ከምን ዓይነት ወለል በላይ እንዳለ ያውቃል።

እንግሊዞች እነዚህን አራቱን በአንድ አጻጻፍ ይጽፏቸዋል። በግእዝ ግን በንጉሡ ሠ የተጻፈው «ሠረቀ» ፀሐይ ወጣ፥ በእሳቱ ሰ የተጻፈው «ሰረቀ» ሌባ ወሰደ ማለት ነው። ለጆሮአችን አንድ ናቸው፤ ዓይን ግን ይለያቸዋል። የጽሕፈት ፈተና በተሰጠን ቍጥር «ሁለት ሰ ምን ያደርጋል?» እያልሁ አጉረመርም ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ አጉረምርሜ አላውቅም።