ልሙጥ ሰንደቅ ዓላማ

ልሙጥ ሰንደቅ ዓላማ አርማ የሌለበት አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ የኢትዮጵያ ሰንደቅ ዓላማ የሚጠራበት ስም ነው። በጥንቱ አነጋገር «ሰንደቅ» እንጨቱን፣ «ዓላማ» ጨርቁን ያመለክታል። «ባንዲራ» የጣልያንኛ ቃል ነው።

ቀድሞ ለየብቻ ይውለበለቡ የነበሩት ቀለማት በአንድ ጨርቅ የተሰፉት በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1890 ዓ.ም. ነው። በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ዘውድ የደፋ ሞዓ አንበሳ ያለበት ሰንደቅ ዓላማም ነበር፤ ደርግ በ1967 ዓ.ም. የአንበሳውን ዘውድ አነሣ። ልሙጡም ጎን ለጎን ያገለግል ነበር። ጋና በ1949 ዓ.ም. ነፃ ስትወጣ እነዚህኑ ቀለማት ወስዳለች።

ከ1988 ዓ.ም. ጀምሮ በመካከሉ ሰማያዊ ክብና ቢጫ ኮከብ ተደረገበት። ኮከቡ የብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦችን እኩልነት፣ ሰማያዊው ሰላምን ያመለክታል። አዋጅ ቁጥር 654/2001 ሰንደቅ ዓላማውን ያለ አርማው መጠቀምን ይከለክላል።

ያም ሆኖ ልሙጡ በአድዋ በዓልና በጥምቀት፣ በውጭ አገር በሚደረጉ ሰልፎችም ይታያል። ደጋፊዎቹ ከየትኛውም መንግሥት በፊት የነበረ የአርበኞች ምልክት ነው ይላሉ። ተቃዋሚዎቹ ግን የብሔሮች መብት ያልታወቀበትን የአሐዳዊ ሥርዓት ዘመን ያስታውሰናል ይላሉ። ክርክሩ በአርማው ላይ እንጂ በሦስቱ ቀለማት ላይ ብዙም አይደለም፤ ቀለማቱ በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 3 ጸንተዋል።