የዱር ወፍ ወይስ ከአጥር ያመለጠ?

በጎንደር ዙሪያና በስሜን ደጋ ሜዳ ላይ ምንቃሩን መሬት ውስጥ እየሰካ ትል የሚለቅመው፣ ከጉሮሮው ሥር ቆዳ የተንጠለጠለበት ጋጋኖ ለአገሬው ሰው እንግዳ አይደለም። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል እ.አ.አ. በ1832 እና በ1833 ስሜንንና ጎንደርን ጎብኝቶ ከተመለሰ በኋላ፣ በ1837 ለዚህ ወፍ ሳይንሳዊ ስም አውጥቶለታል። በመንጋው መካከል ራሱ መላጣ፣ ፊቱም ቀይ የሆነ ዘመዱ ቢታይ ግን ከወዴት መጣ ያሰኛል።

እ.አ.አ. በ2002 በሶርያ በረሃ በፓልሚራ አጠገብ 7 መላጣ ጋጋኖዎች ተገኙ። በ2006 በ3ቱ ላይ የሳተላይት ምልክት ሰጪ መሣሪያ ታስሮ ጉዟቸው ሲከታተል፣ ቀይ ባሕርን ተሻግረው የብርዱን ወራት በኢትዮጵያ ደጋ ማሳለፋቸው ታወቀ። የእነዚያ ወፎች መነሻ በዚህ አኳኋን ከክርክር ወጣ።

ይሁን እንጂ በቱርክ አገር፣ በቢረጂክ ከተማ፣ ከ1977 ጀምሮ የዚሁ ዝርያ ወፎች በአጥር ውስጥ እንዲራቡ ተደርጓል፤ እንዳይሰደዱም የጉዞው ወቅት ሳይደርስ ይዘጋባቸዋል። አንዱ ቢያመልጥ የጥንቱን የደቡብ መንገድ ሊይዝ ይችላል። የፓልሚራው መንጋ ከጠፋ ወዲህ ደግሞ ጥርጣሬው ወደ አጥሩ ቢያደላ አይፈረድም። ስለዚህ ተመልካቹ ከላባው ቀለም አስቀድሞ እግሩን ይመልከት፤ ቀለበት ካለበት ቁጥሩን ይመዝግብ። የቀለበት አለመኖር ግን ብቻውን ወፉን የዱር አያሰኘውም።