የትንኟ ዕድሜ ምስክር

ትንኝ ሁሉ ወባ አያስተላልፍም። አስተላላፊዎቹ አኖፊለስ ከሚባለው ወገን የሆኑ ሴት ትንኞች ናቸው፤ ከእነሱም መካከል አደገኞቹ በዕድሜ የገፉት ናቸው። ትንኟ የወባን ተሕዋስ ከበሽተኛ ደም ጋር ከመጠጠች በኋላ፣ ተሕዋሱ በሰውነቷ ውስጥ አድጎ ምራቅ ዕጢዋ ዘንድ እስኪደርስ፣ እንደ አካባቢው ሙቀት፣ አብዛኛውን ጊዜ አሥር ቀናትና ከዚያ በላይ ይፈጃል። ከዚያ በፊት የሞተች ትንኝ አሥር ሰው ብትነክስ እንኳ ወባ አታስይዝም።

የፀረ ወባ ርጭትና በመድኃኒት የተነከረ አጎበር ከሚሠሩባቸው ዋና መንገዶች አንዱም ይኸው ነው፤ የትንኟን ዕድሜ ያሳጥራሉ። በመሆኑም ርጭቱ ሠርቷል ወይስ አልሠራም ለማለት የተያዙትን ትንኞች መቁጠር ብቻ አይበቃም፤ ወጣቶች ናቸው ወይስ ያረጁ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። የዓለም የጤና ድርጅት እንዳስታወቀው እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 እስከ ኦክቶበር 20 ቀን 2024 ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን በተመዘገቡባት ኢትዮጵያ ይህ ጥያቄ የቅንጦት አይደለም። ይሁንና ትንኝ የልደት ምስክር ወረቀት የላትም። እንግዲህ ለዛሬ ላስተዋውቃችሁ የፈለግሁት ምስክር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።

ምስክሩ የውኃ ማይት ይባላል። ማይቶች የመዥገርና የሸረሪት ዘመዶች ናቸው። በኩሬ፣ በምንጭ፣ በወንዝና በሐይቅ የሚኖሩት የውኃ ማይቶች እስካሁን በሳይንስ የተመዘገቡት ዝርያዎቻቸው ብቻ ከ6,000 ይበልጣሉ። ዴንማርካዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ኦቶ ፍሬድሪክ ሙለር በአገሩ ረግረጎች ስለሚገኙት ማይቶች ራሱን የቻለ መጽሐፍ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1781 ነበር። ለዐቅመ መራባት የደረሰው ማይት ስምንት እግር አለው፤ ቁመቱ ከጥቂት ሚሊሜትር አያልፍም፤ ብዙዎቹም ደማቅ ቀይ ናቸው። በዚህ ዕድሜው ነፃ አዳኝ ነው፤ የውኃ ውስጥ ጥቃቅን እንስሳትንና የነፍሳት እንቁላልን ይመገባል።

ጥገኛ የሚሆነው በልጅነቱ ነው። ከእንቁላል የሚፈለፈለው እጭ ስድስት እግር ብቻ ያለው ሲሆን፣ የሚያድገው የሌላ ነፍሳት አካል ላይ ተጣብቆ ነው። አሬኑረስ የተባለውን ወገን እንውሰድ። የዚህ ማይት እጭ የትንኝ ሙሽሬ ወይም የውኃ ተርብ እጭ ውኃ ውስጥ ፈልጎ ይይዛል። ገና አይመገብም፤ ይጠብቃል። ተሸካሚው ቆዳውን ገፎ ክንፍ አውጥቶ ሲወጣ፣ ማይቱ ከአሮጌው ቆዳ ወደ አዲሱ ገላ ይሸጋገራል። ከዚያም ቆዳውን ወግቶ እንደ ቀጭን ቱቦ ያለ መምጠጫ በተሸካሚው ሥጋ ውስጥ ያበጃል፤ በዚያም የሰውነቱን ፈሳሽ እየመጠጠ ያብጣል።

ተሸካሚው ዝም ብሎ አይገዛም። የውኃ ተርቦች መምጠጫውን ጥቁር ቀለም ባለው ንጥረ ነገር ከብበው ማይቱን በረሃብ የሚገድሉበት ጊዜ አለ። በሌላ በኩል ማይቱም ተሸካሚው በየብስ ላይ እንዲሞት አይፈልግም። ቀሪ ሕይወቱ ውኃ ውስጥ ስለሆነ፣ ተሸካሚው ወደ ውኃ ካልተመለሰ እሱም አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ውኃው ዳር እስኪደርሱ የጥገኛውና የተሸካሚው ጥቅም አንድ ነው።

ሴቷ ትንኝ ወደ ውኃ የምትመለሰው እንቁላል ልትጥል ነው። ማይቱም ያን ጊዜ ለቋት ይወርዳል። እንግዲህ ገላዋ ላይ ማይት የተጣበቀባት ትንኝ ከተያዘች፣ አብዛኛውን ጊዜ ገና እንቁላል ያልጣለች ወጣት ናት፤ ወባ የማስተላለፍ ዕድሏም አነስተኛ ነው ማለት ነው። የትንኝን እንቁላል ማፍሪያ በማይክሮስኮፕ ከፍቶ ዕድሜዋን የመገመት ዘዴ ከቆየ ዘመን ጀምሮ አለ፤ የሶቪየቷ ተመራማሪ ዴቲኖቫ በዚህ ጉዳይ የጻፈችውን መጽሐፍ የዓለም የጤና ድርጅት ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1962 ነው። ዘዴው ግን የሠለጠነ እጅና ጊዜ ይጠይቃል። ማይቱን ግን በአጉሊ መነጽር ማየት ይቻላል።

ሕግ የተማረ ሰው ግን ምስክር ሲያገኝ መስቀለኛ ጥያቄ ሳያቀርብ አያልፍም። ማይት የሌለባት ትንኝ አሮጊት ናት? አይደለችም። ከመጀመሪያው ማይት ያልያዛት ልትሆን ትችላለች። በየኩሬው የማይቱ ብዛት ይለያያል፤ ማይት በሌለበት ኩሬ ያደገች ትንኝ በአንድ ቀን ዕድሜዋም ንጹሕ ናት። ደግሞም ትንኟ እንቁላሏን ጥላ ስትመለስ አንዳንድ ማይት ሳይወርድ የሚቀርበት ጊዜ አለ። ስለዚህ የማይቱ መኖር የሚመዘን ማስረጃ ነው፤ አለመኖሩ ግን ምንም አያስረዳም። በፍርድ ቤት እንደሚባለው፣ ማስረጃ አለመቅረቡ የተቃራኒው ነገር ማስረጃ አይሆንም።

ማይት የበዛባት ትንኝ ዕድሜዋ ሊያጥር፣ እንቁላሏም ሊያንስ ይችላል። ይህን የሰማ ሰው «ታዲያ ለምን ማይት አርብተን ወባን አናጠፋም?» ሊል ይችላል። ማይቱ ግን ያለ ተሸካሚ ስለማያድግ በብዛት ማርባቱ ቀላል አይደለም፤ አጎበርንና ርጭትን የሚተካ መሣሪያም አልሆነም። ለእኔ ዋጋው በምስክርነቱ ነው። ትንኝ አጥማጁ የጤና ባለሙያ ከወጥመዱ ካወጣት ትንኝ ሆድ ላይ የተጣበቁትን ቀያይ ነጠብጣቦች እንደ እድፍ ቆጥሮ ከማለፉ በፊት ቢቆጥራቸውና ቢመዘግባቸው፣ ምንም ወጪ ሳያወጣ አንድ ተጨማሪ ማስረጃ በእጁ ይገባል።