የአምፑል ክር፣ የሸቭሮሌት ፓራውልት እና በረዶ ላይ መታጠፍ

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ስኖውሞቢል ነው። አትሳቁ። አዎ፣ ፊልም ላይ ሰላዩ ከተራራ ቁልቁል ሲያመልጥበት ያያችሁት በረዶ ላይ የሚጋለብ ሞተር። ስኪ ሲባል በ2006 ቱሪን ላይ ለኢትዮጵያ የመጀመሪያው የክረምት ኦሊምፒክ ተወዳዳሪ የሆነው ሮቤል ተክለማርያም ብቻ ትዝ የሚለን ሰዎች ስለ ስኖውሞቢል ምን አገባን ትሉ ይሆናል። ሚኒሶታ ዘመድ ያላችሁ ግን ብዙ ናችሁ። እንግዲህ ከዚህ ታሪክ እኩሌታው የተሠራው እዚያው ሚኒሶታ ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

የዚህን መኪና ታሪክ የሚያወሩ ሰዎች ሁሌም የሚጀምሩት ከሞተሩ ነው። ስንት የፈረስ ጉልበት አለው? በሰዓት ስንት ይሄዳል? እኔን የሳበኝ ግን ከስኪው ሥር የታሰረው፣ ጎንበስ ካላላችሁ የማይታየው ቀጭን ብረት ነው። ይህ ነገር እንዲሄድ ማድረግ አንድ ትውልድ ፈጀ፤ እንዲታጠፍ ማድረግ ደግሞ ከዚያ በላይ።

ለምን እንደሚቸግር ልንገራችሁ። ከኋላ እንደ ዶዘር የሚዞር ሰፊ ሰንሰለት አለ፤ ከፊት ሁለት ስኪ። ሰንሰለቱ ይገፋል፣ ስኪው ይመራል። መሪውን ወደ ግራ ስታዞሩ ስኪዎቹ ወደ ግራ ይዞራሉ። ሰንሰለቱ ግን ስለዚህ የሚያውቀው ነገር የለም፤ ዝም ብሎ ወደ ፊት ይገፋል። ስኪው መሬቱን ካልነከሰ ደግሞ አፍንጫው ወደ ግራ ዞሮ አካሉ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። በክረምት ጭቃ ላይ መሪውን ጠምዝዞ ቀጥ ብሎ ቦይ ውስጥ የገባ ሹፌር ነገሩን ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል።

የመጀመሪያዎቹ ሰዎች ይህን ችግር እንደ ጋሪ ነጂ ነበር ያሰቡት። ካርል ኤሊያሰን በዊስኮንሲን ግዛት፣ ሴይነር በምትባል ትንሽ መንደር ይኖር ነበር። እግሩ ችግር ስለነበረበት ለአደን ሲወጡ ጓደኞቹን መከተል አቃተው። በ1924 ከእንጨት ሸርተቴ፣ ከጀልባ ሞተር እና ከፎርድ ራዲያተር ገጣጥሞ አንድ መኪና ሠራ፤ በ1927 የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ። የፊቶቹን ስኪዎች በምን ይመራቸው ነበር? በገመድ! ልክ እንደ ልጓም ግራና ቀኝ እየሳበ። በዚያ ፍጥነት በቂ ነበር።

ወደ ካናዳ እንሻገር። በኩቤክ ግዛት፣ ቫልኩር በምትባል ከተማ አቅራቢያ ጆሴፍ አርማን ቦምባርዲዬ የሚባል ልጅ ነበር። በ1922 መጨረሻ፣ ገና የ15 ዓመት ልጅ ሳለ፣ ሁለት ሸርተቴ አገናኝቶ፣ የፎርድ ሞተር ጭኖ፣ ከኋላው እንደ አውሮፕላን የሚሽከረከር የእንጨት ፕሮፔለር ሰካበት። እሱ ከኋላ ሞተሩን ይዞ፣ ወንድሙ ሊዮፖልድ ከፊት አቅጣጫ ይዞ፣ መንደሩን አቋርጠው በረሩ። አባትየው ያንን ፕሮፔለር ሲያዩ ምን እንዳዘዙ ገምቱ፦ አሁኑኑ ፍቱት!

ልጁ አድጎ ጋራዥ ከፈተ፣ አገባ፣ ወለደ። በኩቤክ በዚያ ዘመን ክረምት ሲገባ መንገድ የሚባል ነገር ይጠፋል፤ መኪኖች እስከ ፀደይ በረት ውስጥ ይቀመጣሉ። በ1934 ክረምት ኢቮን የሚባለው የሁለት ዓመት ልጁ ታመመ። ሆድ ዕቃው መርዞ ነበር፤ ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል። ሆስፒታሉ ያለው ሸርብሩክ ከተማ ነው፣ ወደ 50 ኪሎሜትር ገደማ። በእኛ አገር ቋንቋ ደብረ ዘይት ደርሶ ለመመለስ እንኳ የማይበቃ ርቀት። በረዶው መንገዱን ዘግቶታል። አባትየው ለዓመታት ሲሞክረው የኖረው የበረዶ መኪና ለጉዞ አልደረሰም። ልጁ ሞተ።

ይህን ታሪክ የኩባንያ ማስታወቂያ ያስመሰሉት ብዙዎች ናቸው፤ እኔ ግን ዓመታቱን ሳያቸው ዝም ያሰኘኛል። በ1937 ሰውየው በጎማ የተለበጠ ጥርስ ያለው ሰንሰለት ነጂ የፈጠራ መብት አገኘ። ቢ-7 የተባለው መኪናው ሰባት ሰው ይጭን ነበር፤ ከኋላ ሰንሰለት፣ ከፊት ስኪ። ቀጥሎ የመጣው ቢ-12 አሥራ ሁለት ሰው ጫነ። በእነዚህ መኪኖች ሐኪም ሄደባቸው፣ ፖስታ ሄደባቸው፣ ተማሪ ሄደባቸው። ከዚያ በ1948 የኩቤክ መንግሥት የገጠር መንገዶች በክረምትም በረዶ እንዲጠረግላቸው ወሰነና ገበያው ተናጋ። ቦምባርዲዬ ፊቱን ወደ ሌላ ሥራ አዞረ፤ በ1959 ግን አንድና ሁለት ሰው ብቻ የሚጭነውን ትንሹን ስኪ-ዱን አወጣ። በ1964 በካንሰር ሲሞት ገና 56 ዓመቱ ነበር።

ከቦምባርዲዬ ትንሽ ቀደም ብሎ፣ በሚኒሶታ ሰሜናዊ ጫፍ፣ ሮዞ በምትባል ከተማ፣ የእርሻ መሣሪያ የሚሠሩ ወጣቶች የራሳቸውን ሞክረው ነበር። የኋላውን ሰንሰለት እህል ወደ ጎተራ ከሚያወጣ ማሽን ቆርጠው ወሰዱት። ስኪውንስ? ከአሮጌ ሸቭሮሌት ፓራውልት! ፖላሪስ የሚባለው ኩባንያ ስኖውሞቢል መሥራት የጀመረው በዚህ ነው። የእኛ መርካቶ ምናለሽ ተራ ያደገ ሰው ይህን ሲሰማ አይገርመውም፤ ፓራውልት እኮ ፊቱ ወደ ላይ የታጠፈ፣ የተወለወለ፣ ጠንካራ ብረት ነው። ለስኪ የሚያንሰው ምንም የለም። ከአንድ ነገር በቀር፦ አይነክስም።

ይኸው ወደ ጉዳያችን ደረስን። በለስላሳ በረዶ ላይ ሰፊ ስኪ ይንሳፈፋል፤ ደግ ነው። በረዶው ተረግጦ፣ ተጋግሮ፣ እንደ መስተዋት ሲሆን ግን ልሙጥ ብረት ይንሸራተታል። (በነገራችን ላይ በአማርኛ ሁለቱንም በረዶ ብለን መገላገላችን እዚህ ላይ ያስቸግራል።) ስለዚህ ከስኪው ሥር ርዝመቱን ተከትሎ አንድ ቀጭን የብረት ዘንግ ማሰር ልማድ ሆነ። ዘንጉ በረዶውን ይቧጥጣል፣ ስኪው ይታዘዛል። ነገር ግን ተራ ብረት ነው፤ አስፋልት ሲያቋርጥ፣ ጠጠር ሲረግጥ ጠርዙ ይዶለዱማል። ስለቱ የሞተ ዘንግ ደግሞ ከነጭራሹ እንደሌለ ነው።

መፍትሔው የመጣው በረዶ ከማያውቅ ፋብሪካ ነው፤ ከአምፑል ፋብሪካ። በ1920ዎቹ መጀመሪያ በርሊን ውስጥ ኦስራም የሚባለው ኩባንያ የአምፑል ክር የሚሠራው ከተንግስተን ነበር። ተንግስተንን እንደ ፀጉር ለማቅጠን በጣም ጠባብ ቀዳዳ ውስጥ መጎተት አለበት፤ ያንን ስቃይ የሚችለው ደግሞ አልማዝ ብቻ ነበር። አልማዝ ውድ ነው! ካርል ሽሮተር የተባለው የኩባንያው ሰው በ1923 የተንግስተን ካርባይድ ዱቄትን ከኮባልት ጋር አጋግሮ የአልማዙን ሥራ የሚሠራ ነገር አገኘ። ክሩፕ የተባለው የብረት ኩባንያ መብቱን ገዝቶ ቪዲያ ብሎ ሸጠው፤ በጀርመንኛ እንደ አልማዝ ከሚለው የተወሰደ ስም ነው። ዛሬ ቶርኖ ቤት ውስጥ ብረት የሚላጨው፣ ኮንክሪት በምትበሱበት ፑንታ ጫፍ ላይ የተበየደው ያ ግራጫ ቁራጭ የእሱ ዘር ነው።

ስኖውሞቢልም ከጊዜ በኋላ ይህንኑ ወሰደ። ከስኪው ሥር ያለው የብረት ዘንግ ተሰነጠቀና በስንጥቁ ውስጥ የካርባይድ ስለት ተበየደበት። በበረዶ ግግር ላይ ለሚሽቀዳደሙ ሰዎች ይህ የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነው፤ ኩርባው ላይ ያልነከሰ ስኪ የሚወስዳችሁ ወደ አጥሩ ነው። በሐይቅ ዳር በሌሊት ለሚጓዘውም እንደዚያው ነው፤ አጥር በሌለበት ዛፍ አለ።

ታዲያ ካርባይድ ካበዛን አበቃ? እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጣፍጠው። ረጅም ስለት በጣም ስለሚነክስ መሪው እንደ ድንጋይ ይከብዳል። ይባስ ብሎ ስኪው ከፊት ያለፈ ሰው በቀደደው ቦይ ውስጥ ይገባና እንደ ባቡር ሐዲዱን ይዞ ይሄዳል፤ እናንተ ወደዚህ፣ እሱ ወደዚያ። አንዳንድ ሠሪዎች ለዚህ ሲሉ በአንድ ስኪ ሥር ጎን ለጎን ሁለት ዘንግ አደረጉ፣ አሮጌውን ቦይ ትቶ የራሱን እንዲቀድ።

ሁለተኛው ጣጣ ከኋላ ነው። በግግር ላይ የሚነዱ ሰዎች ሰንሰለቱ ላይ ሹል ብረት ይቸነክራሉ፣ እንዳይሽከረከር። ከኋላ ሚስማር አብዝታችሁ ከፊት አጭር ካርባይድ ካላችሁ፣ የኋላው ጉልበት ፊቱን ገፍቶ ከኩርባው ያወጣዋል። ከፊት ረጅም ካርባይድ፣ ከኋላ ባዶ ሰንሰለት ከሆነ ደግሞ ፊት ይይዝና ኋላ ተወርውሮ ዞራችሁ የመጣችሁበትን ታያላችሁ። ስለዚህ ዘንግ የሚመርጥ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ኋላውን ነው። ሚስማር ለሌለው ሰንሰለት 4 ኢንች ገደማ ስለት ይበቃል፤ ሚስማሩ ሲበዛ 6 ኢንች፣ ከዚያም 8 እየተባለ ይወጣል። ሻጩ ረጅሙን ቢያሞግስላችሁ አትቸኩሉ፣ ረጅሙ ውድ ነው!

ስኪውም ራሱ ተለውጧል። ብረቱ ለፕላስቲክ ቦታ ለቀቀ፤ ፕላስቲክ ቀላል ነው፣ እርጥብ በረዶም እንደ ብረት አይጣበቅበትም። ከሥሩ ወደ ታች የወጣ ሸንተረር አለው፤ ሸንተረሩ በጠለቀ ቁጥር በለስላሳ በረዶ ላይ ይበልጥ ይይዛል። ጥልቅ በረዶ ላይ የሚውል ሰው ሰፊውን ይመርጣል፣ በተረገጠ መንገድ የሚሄድ ጠበብ ያለውን። አዲስ ስኪ ገዝቶ መሪው አሁንም የሚያስቸግረው ሰው ብዙውን ጊዜ ችግሩ ስኪው አይደለም፤ ያለቀ ካርባይድ ነው።

ማለቁ እንዴት ይታወቃል? ስለቱ ላይ ብርሃን አብርታችሁ ጠርዙ የሚያብለጨልጭ ከሆነ ተደፍጥጧል ማለት ነው፤ ስል ጠርዝ ብርሃን አይመልስም። ወይም የአውራ ጣት ጥፍራችሁን ወሰድ አድርጉበት፤ ፍቆ ካላነሳው ደህና ሰንብት። ሞረድ አምጥቼ ላሹለው ብትሉ ሞረዱ ያልቃል እንጂ ካርባይዱ አይነካም። ከሚሞርዱት ነገሮች አንዱ አልማዝ ነው፤ ያ ኦስራም ሊገላገለው የፈለገው ውድ አልማዝ።